የአህያ መቃብር ዓሦች

በዚያ መንደር ሰውን «ዓሣውን ከየት አመጣኸው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነበር። ነውር መሆኑ ግን ማንንም ከመጠየቅ አግዶ አያውቅም። ጠያቂው ይጠይቃል፤ ተጠያቂው ይዋሻል፤ ጠያቂውም እንደተዋሸ እያወቀ «ደግ፣ ይቅናህ» ብሎ ያልፋል፤ ሁለቱም በሰላም ቤታቸው ይገባሉ። ወንዝ ዳር ያደገ ልጅ ዋና ሳይለምድ መዋሸት ይለምዳል። ምን ይደረግ፣ ዋና ከመስመጥ እንጂ ከረሃብ አያድንም።

ከዋሾዎቹ ሁሉ አንደኛዋ ሐቂቱ ነበረች። ስሙን ያወጣላት ሟች ባሏ ነው። በተጋቡ ሰሞን ከቀሚሷ ኪስ የዓሣ ጭራ ተንጠልጥሎ እየታየ «ዛሬ ወንዝ አልወረድኩም፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብላ ማለችለት። እሱም ስቆ ስቆ ሲያበቃ «በይ እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስምሽ ሐቂቱ ነው» አላት። እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም አሁን የሚያስታውስ የለም።

ሐቂቱ የምታጠምደው የአህያ መቃብር ከሚባለው ጥልቅ ኩሬ ነው። ወንዙ በሁለት ገደሎች መሀል ጠቦ፣ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ጋደም ብሎ፣ ዝቅ ሲል በፏፏቴ የሚወርድበት ቦታ ነው። አህያ ተቀብሮበት አያውቅም፤ ለነገሩ አህያ ሲሞት ማን ይቀብረዋል? ስሙን ያወጡለት የጥንት አጥማጆች ናቸው፣ ሰው እንዳይደርስበት። ከመንደሩ በላይ ያለውን፣ ከብት የሚረግጠውንና ልብስ የሚታጠብበትን ቀይ አፈር ያለው ሰፊ ዳርቻ ደግሞ «ሞልቶ ፈሰሰ» አሉት። ሞልቶ ፈሰሰ ላይ የመጨረሻውን ዓሣ ያወጣው የባለወፍጮው አያት ነው ይባላል፤ እሱም ውሸት ሳይሆን አይቀርም።

ችግሩ የአህያ መቃብር ጭቃ ጥቁር፣ የሞልቶ ፈሰሰ ቀይ መሆኑ ነው። ሰው በአፉ ቢዋሽ እግሩ ያሳጣዋል። ስለዚህ ሐቂቱ ከወንዝ ስትመለስ እግሯን ታጥባ፣ ቁጥቋጦ ሥር የደበቀችውን የድልህ ቆርቆሮ ታወጣና ቀይ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ትለቀለቃለች፤ በጣቶቿ መሀል ሳይቀር። ከዚያ ዓሣዋን ተሸክማ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ ገበያ ትገባለች። «ከየት ነው?» ሲሏት አፏን እንኳ አትከፍትም፤ እግሯን ወደፊት ዘርጋ ታደርጋለች። ኩሬው እንደ ስሙ እንዲሸትም ከዓሣ የሚተርፈውን አንጀት ዳር ካለው ቋጥኝ ሥር ትደፋለች። ሽታው ታዲያ ከምትደፋው እጅግ የበዛ ነበር። ሐቂቱ ይኼን የልፋቷ በረከት አድርጋ ወሰደችው።

ይኼ ሁሉ መከራ በከንቱ አልነበረም። በበጋ ወንዙ እንደ ክር ሲቀጥን ያለው ዓሣ በሙሉ፣ ጢማሙ አምባዛ፣ ቆሮሶው፣ ገና ስም ያልወጣለት ጥፍር የሚያክለው ሁሉ፣ እዚያ ተሰብስቦ ዝናብ ይጠብቃል። ጎርፍ ሲመጣ ወጥቶ ሸለቆውን ያዳርሳል። የወንዙ ጎተራ ማለት ነው። ጎተራ ደግሞ አንድ ቁልፍ ይበቃዋል ባይ ነች ሐቂቱ፤ ቁልፉም እሷ እጅ ነው ያለው።

የሚያስጨንቃት ቁልፉን ለማን ትታ እንደምትሞት ነበር። ልጇ ከተማ ሚኒባስ ይነዳል፤ የዓሣ ሽታ ከወንበር አይለቅም ብሎ የገዛ እናቱን ከኋላ ነው የሚያስቀምጣት። ቤት ያለችው ምራቷ ናት። ምራቷ ግራኝ ብትሆንም እጀ ወርቅ ናት፤ ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላዋው አይታይም። ሐቂቱ የሸንበቆ ቅርጫት አሠራር አስተምራታለች፤ ያውም ከናቷ የወረሰችውን፣ በመንደሩ ሌላ ማንም የማይችለውን ድርብ ቋጠሮ። ለጎመን መያዣ ይሆናታል ብላ ነው እንጂ ለዓሣ ወጥመድ አስባ አይደለም። ምክንያቱም ምራቷ አንድ ትልቅ ጉድለት አለባት። አትዋሽም።

አንድ ቀን ወሬኛዋ ጎረቤት ስትመጣ፣ ሐቂቱ በሩ ጀርባ ተለጥፋ «የለችም በይ» ብላ በእጇ ጠቆመቻት። ምራቷ ፈገግ ብላ «አሉ፤ በሩ ጀርባ ሆነው የለችም በይ እያሉኝ ነው» አለቻት። ለወሬ ሞት የለውም፣ ማታውኑ መንደሩን አዳረሰው። ከዚያ ወዲህ ክርክር ሲነሳ «የሐቂቱ ምራት ትጠየቅ» ይባላል። ሐቂቱ አንገቷን ደፋች። «እቺን ነው ወንዝ የማወርደው? እቺ እኮ ገበያ ስትደርስ ዓሣውን ከነአድራሻው ነው የምትሸጠው!» እያለች ለራሷ ታማርር ነበር።

ባለሙያዋ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ወንዙን ልታጠና የተላከች ወጣት ናት፤ የጎማ ቦቲ ያጠለቀች፣ ፀጉሯን በእስክሪብቶ ጠቅልላ የሰካች፣ ስትጠይቅ የሰው ዓይን ዓይን የምታይ። ለመንገድ ሥራ የሚሆን አሸዋ ከወንዙ ይቆፈራል፤ የት ቢቆፈር ዓሣው እንደማይጎዳ እናንተው ንገሩኝ አለች። ከሷ በፊት የመጡት ሁሉ ማንንም ሳይጠይቁ ወስነው ነበር የሚሄዱት። እሷ አክብራ ጠየቀች። ምስኪን፣ የት እንደመጣች አላወቀችም።

በኅብረት ሥራው መጋዘን ወለል ላይ ትልቅ ሸራ ዘርግታ ወንዙን ከላይ እስከ ታች በጠመኔ ሣለችው። ለያንዳንዱ ሰው እፍኝ እፍኝ በቆሎ አደለች።

«ዓሣ በሚበዛበት ቦታ ላይ ብዙ አስቀምጡ፣ ትንሽ ባለበት ትንሽ፣ በሌለበት ተዉት» አለች።

ሐቂቱ እፍኟን ይዛ ስታጎነብስ ልቧ «አንድ ሁለት ፍሬ የአህያ መቃብር ላይ ጣል አድርጊ» ብሏት ነበር። ቀና ስትል የባሏ ወንድም፣ ጋሽ ምንም፣ አናቷ ላይ ቆሞ ያያል። ጋሽ ምንም ስሙን ያገኘው «ዛሬ ምን ያዝክ?» ሲሉት ዕድሜ ልኩን «ምንም» እያለ በመመለስ ነው፤ ቦርጩ ግን ሌላ ነገር ይመሰክር ነበር። እሱ እያየማ አይሆንም። ሐቂቱ በቆሎዋን በሙሉ ሞልቶ ፈሰሰ ላይ ዘረገፈችው። ጋሽ ምንምም ዘረገፈ። ባለወፍጮውም። የቀበሌው ሊቀመንበርም «እኔ እንኳ ዓሣ አጥምጄ አላውቅም፣ ግን እንደሚወራው» ብሎ እዚያው ከመረ። ከክምሩ አንዲት ፍሬ ተንሸራታ፣ በጠመኔው ወንዝ ቁልቁል ተንከባልላ፣ ልክ የአህያ መቃብር ላይ አረፈች። ጋሽ ምንም ቀልጠፍ ብሎ አነሳትና ቆረጠማት።

«እርግጠኛ ናችሁ?» አለች ባለሙያዋ።

«ዓይናችንን ግንባር ያድርገው!» አለ መጋዘኑ ባንድ ድምፅ።

ደጋግማ ጠየቀች፤ ደጋግመው ማሉ። ልጅቷ ሞኝ አይደለችም፣ አንድ ነገር እንዳለ ሸቷታል። ግን ሕዝብን ጠይቆ መልሱን መጣል አልሆነላትም።

ብዙም ሳይቆይ ውሳኔው መጣ። ሊቀመንበሩ እዚያው መጋዘን ሰብስቧቸው አነበበ፤ በነዋሪው ምስክርነት መሠረት ሞልቶ ፈሰሰ ይጠበቃል፤ አሸዋው ዓሣ ከሌለበት ከአህያ መቃብር ይቆፈራል። ሲያነብ ድምፁ መሀል ላይ እንደመቆረጥ አለና ውኃ ጠጣ። ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አልተቃወመም። ሁሉም አቀርቅሮ እግሩን ያይ ነበር። እግሩ ሁሉ ቀይ ነው።

ሐቂቱ ምን ታድርግ? ልናገር ብትል አርባ ዘመን የጠበቀችው ነገር በአንድ ቃል አለቀ፤ ዝም ብትል ጎተራው ከነዘሩ ተዝቆ መኪና ላይ ሊጫን ነው። ሌላ ሰው ይናገርልኛል ብላ ጠበቀች። ሁሉም እንዲሁ ይጠብቅ እንደነበር ከየት ትወቀው? መቆፈሪያ ማሽኑ፣ ስካቫተሩ፣ መጥቶ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ሲቆም፣ የግዷን ወደ ጋሽ ምንም ቤት ሄደች። ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ መረቡን ይጠግናል።

«አንተ፣ ሰማህ አይደል?»

«ምኑን?»

«የአህያ መቃብርን ሊቆፍሩት ነው።»

«ይቆፍሩታ። ምን አለ እዚያ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምንም ከሌለ ምን አስጨነቀሽ?»

«እኔ ምን ያስጨንቀኛል! ለሾላው አዝኜ ነው።»

«እውነት ነው፣ ሾላው ያሳዝናል። ከሰዓት በኋላ እንዴት ያለ ጥላ አለው መሰለሽ።»

«የከሰዓቱን ጥላ ከየት አወቅከው?»

ጋሽ ምንም ጣቱን በመርፌው ወጋ። «ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነዋ» አለ ጣቱን እየመጠጠ።

ተያዩ። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ ይሉ የለ። ጋሽ ምንም ዓይኑን ሰበረና ወደ መረቡ ተመለሰ።

«አባቴ ምን ይል እንደነበር ታስታውሻለሽ?» አለ ቀስ ብሎ። «ውሸት የዓሣ አጥር ነው ይል ነበር። እውነቱ ገበያ ቢወጣ ኖሮ ያ ወንዝ ገና ዱሮ ተጠርጎ ያልቅ ነበር። አጥሩ አይነካ።»

«አጥሩንማ አጠርነው!» አለች ሐቂቱ ተነስታ። «አጥረን አጥረን በሩን ለስካቫተር ከፈትንለት እንጂ!»

በማግስቱ ጠዋት ስካቫተሩ ወደ አህያ መቃብር ሲወርድ መንደሩ ነቅሎ ተከተለው። ሁሉም መኪና ለማየት ነው የመጣሁት ይላል፤ የሁሉም ፊት ግን ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው ፊት ነበር። ምራቷም ነጠላዋን ተከናንባ ከኋላ መጣች። ባለሙያዋ ከቆፋሪዎቹ ካቦ ጋር ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማ ውኃውን ታያለች። ሽታው ካቦውን አፍንጫውን አስይዞታል።

የስካቫተሩ ክንድ ወደ ሾላው ሲዘረጋ ሐቂቱ ሳታስበው ፊቱ ተገትራ ተገኘች።

«አቁም!» አለች። «እዚህ ዓሣ አለ። የወንዙ ዓሣ በሙሉ እዚህ ነው ያለው።»

መጀመሪያ ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ሳቁ ከኋላ ጀመረ፣ ወደፊት መጣ፣ ካቦው ጋ ደረሰ። ሊቀመንበሩ ግንባሩን እየጠረገ «ሐቂቱ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አመጣሽብን?» አላት። ዕድሜዋን በሙሉ ስትዋሽ ያመናት ሕዝብ፣ አንድ ቀን እውነት ብትናገር ሆዱን ይዞ ሳቀባት።

ባለሙያዋ ብቻ አልሳቀችም። ወደሷ መጣችና «እማማ፣ በቆሎውን ሲያስቀምጡ ደጋግሜ ጠይቄዎታለሁ» አለች።

«ደጋግሜ ዋሸሁሻ፣ ልጄ።»

«አሁንስ?»

«አሁን እውነቴን ነው።»

«ዓይንዎን ግንባር ያድርገው?»

«እሱን ተይው፣ እሱ ለውሸት ነው።»

ባለሙያዋ ትንሽ አሰበችና ካቦውን በእጇ አስቆመችው። «ያሳዩኝ» አለች።

ሐቂቱ ቀሚሷን ሰብስባ ወገቧ ላይ አሰረችና ውኃው ውስጥ ገባች። ሾላው ሥር እጇን ሰዳ ገመዷን ሳበች። ወጥመዷ፣ አፈ ጠባብ የሸንበቆ ቅርጫት፣ እየተንፈራገጠ ወጣ። ክንድ የሚያክሉ አምባዛዎች ሞልተውበታል። ሰዉ «ውይ!» አለ፤ ካለው ሁሉ በላይ ጮክ ያለው ጋሽ ምንም ነበር።

«አንድ ቅርጫት ምን ማስረጃ ይሆናል?» አለ ካቦው። «ማታ አምጥታ ከትታው ቢሆንስ?»

ባለሙያዋም እያዘነች «ልክ ነው፣ በአንድ ወጥመድ ሥራ አላስቆምም» አለች።

ሐቂቱ ወጥመዷን ለመልቀቅ ስትሞክር ገመዱ ከሌላ ገመድ ጋር ተጠላልፎ አልለቅ አለ። ሳበችው። ሌላ ወጥመድ ወጣ፤ አፉ በሰማያዊ ቡትቶ የተወተፈ። ቡትቶውን መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ ጋሽ ምንም እጅጌው እስኪያልቅ የለበሰው ሸሚዝ ነው።

«የማን ነው ይኼ?» አለች ሐቂቱ።

«ምንም» አለ ጋሽ ምንም ከልማዱ የተነሳ።

ከሱ ገመድ ጋር ደግሞ ሌላ ታስሯል። የባለወፍጮው፣ የዱቄት ጆንያ ክር አለበት። ከሱ ቀጥሎ የመጣው ከሽቦ የተሠራ ነው፤ ሽቦው የቀበሌው ግቢ አጥር ሽቦ ነው። ዓሣ አጥምጄ አላውቅም ያለው ሊቀመንበር ሰማይ ሰማዩን ያይ ጀመር። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይኼ ነው፤ ሐቂቱ አንድ ገመድ ሳበች፣ መንደሩን በሙሉ ጎትታ አወጣችው። ያ ሁሉ ሽታ ከየት ይመጣ እንደነበርም ገባት። ሁሉም የዓሣ አንጀቱን እየተሸከመ እዚህ ሲደፋ ኖሯል!

ደሟ ፈላ። «እናንተ ሌቦች! ኩሬዬን!» ብላ ልትጮህ አፏን ስትከፍት፣ የመጨረሻው ወጥመድ ከጭቃው ተላቆ ወጣ። አዲስ ሸንበቆ ነው፣ ጥብቅ ያለ፣ ከሁሉም ያማረ። ዓሣው ከሁሉም የበዛ። አፉ በድርብ ቋጠሮ ተቋጭቷል። የሷው ቋጠሮ ነው፣ የናቷ ቋጠሮ። ግን ወደ ግራ ዞሯል።

ሐቂቱ ቀስ ብላ ዞረች። ምራቷ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባለች።

ያን ጊዜ የሚደበቅ ነገር አልቀረምና ሰዉ ተግተልትሎ ውኃው ውስጥ ገባ። የራሱን ወጥመድ የሚያወጣ፣ የሌላውን እያየ የሚሳደብ፣ «አንተ ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው?» የሚባባል። ባለሙያዋ በቦቲዋ ገብታ ወጥመዶቹን አንድ በአንድ አየች። እንቁላል የቋጠሩትን እናት ዓሦች በሁለት እጇ እያወጣች መልሳ ለቀቀቻቸው። አንዲት ጥፍር የምታክል፣ ወርቃማ መስመር ያላትን ዓሣ በመዳፏ ውኃ ውስጥ ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ ዳር ወጥታ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና ቀና ስትል ዓይኗ ቀልቷል።

«እኔ እኮ አምኛችሁ ነው!» አለች። «ሰው የማይጠይቁትን እየተሟገትኩ፣ ነዋሪው ያውቃል ብዬ ስሜን አስይዤ ነው! በአንድ እፍኝ በቆሎ ወንዛችሁን ልትገድሉት፣ እኔን ደግሞ ገዳይ ልታደርጉኝ ነበር!»

ሁሉም አፈረ። ውሸት ሲያዝ የሚታፈረው ዓይነት ሐፍረት አይደለም፤ እሱንስ ለምደውታል። ሐቂቱ እንደሱ ያለ ነገር ተሰምቷት አያውቅም፤ ከዚያች ልጅ ፊት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ባለሙያዋ ስልኳን አውጥታ ከቢሮዋ ጋር ረጅም ተጨቃጨቀች። በመጨረሻ ስካቫተሩ ዞሮ ወደ ሞልቶ ፈሰሰ ወጣ። ካቦው ሽታውን በመገላገሉ ደስ ብሎት ማንም ሳይጠይቀው የዚያኛው አሸዋ እንደሚሻል መሰከረ። ኩሬው ግን ተዘጋ። ካሁን በኋላ የአህያ መቃብር ውስጥ ወጥመድ የሚጥል የለም፤ ጎርፍ ያወጣውን ዓሣ ከፏፏቴው በታች ማጥመድ ይቻላል አለች ባለሙያዋ። ማን ይጠብቀዋል ስትባል ሳቀች። «እርስ በርሳችሁ የምትጠራጠሩት አይበቃም?»

ሐቂቱ ወደ ቤት ስትመለስ አለቀሰች። ኩሬው ተርፏል፤ ከሷ እጅ ግን ወጣ። የኔ ብቻ ነው ስትለው የኖረችው ደግሞ ለካ ድሮም የሷ ብቻ አልነበረም። የቱ እንደሚያስለቅሳት መለየት አቃታት። ምራቷ አጠገቧ ትራመዳለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ሐቂቱ አፍንጫዋን እየጠረገች።

«ከመጣሁ ዓመት ጀምሮ ነው፣ እማዬ። ሲወርዱ ተከተልኩዎት።»

«አንቺ! አንቺ አትዋሺም አይደል እንዴ? በሩ ጀርባ ናት ብለሽ ያዋረድሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

ምራቷ መንገድ መንገዱን እያየች ፈገግ አለች። «ያን ቀን አስቤበት ነው። አንድ ጊዜ በደንብ እውነት ብናገር ዕድሜ ልኬን ታምኜ እንደምኖር ገባኝ። ይቅር ይበሉኝ፣ እርስዎን ማዋረድ ነበረብኝ።»

ሐቂቱ ቆመች። ስድብ ሊወጣት ነበር። የወጣው ሳቅ ነው፤ አጥር ተደግፋ እንባዋ እስኪደርቅ ሳቀች። አርባ ዘመን ስትዋሽ እንዲህ ያለ ውሸት አስባ አታውቅም።

ኩሬው ከተዘጋ ምልክት መተከል አለበት ተባለ። ባለሙያዋ ቆርቆሮና ቀለም ይዛ ተመልሳ መጣች፤ ምን ይጻፍ ብላ ሁሉንም ገደሉ አፋፍ ላይ ሰበሰበች። ሊቀመንበሩ «ዓሣ ማጥመድ በሕግ የተከለከለ ነው ይባል» አለ። ጋሽ ምንም ከተቀመጠበት ዘለለ።

«ምን ነካህ! ከከተማ መረብ ጭኖ የሚመጣ ሁሉ ዓሣው እዚህ ነው ተብሎ ሊለፈፍለት ነው እኮ! እንዲያውም ቀስት ሣልበትና ጨርሰው!»

«ታዲያ ምን ይጻፍ?»

ባለሙያዋ ብሩሹን እንደያዘች ጋሽ ምንምን አየችው፣ ከዚያ ሐቂቱን፣ ከዚያ ከፏፏቴው በታች የሚዘለውን ዓሣ። «ሕጉ ምልክት ይተከል ነው የሚለው» አለች ለራሷ እንደማውራት ብላ። «ምን ይጻፍበት አይልም።» ጎንበስ ብላ በትልልቁ ጻፈች፤ *ምንም የለም።*

ጋሽ ምንም ቆርቆሮውን ቀረብ ብሎ አነበበው። ዕድሜ ልኩን የተናገረው ቃል በመንግሥት ቀለም ተጽፎ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። «አባቴ ይኼን ባየ» አለና ፊቱን ወደ ሾላው አዞረ።

ዝናቡ መጥቶ ጎርፉ ዓሣውን ለሸለቆው ካደለ በኋላ፣ በአንድ የገበያ ቀን ትልልቅ መረብ የጫነ ፒካፕ መጣ። ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰውዬ ወርዶ የሐቂቱና የምራቷ መደብ ፊት ቆመ። ዓሣውን አገላብጦ «ይኼ ሁሉ ከየት ነው?» አለ።

ገበያው ዞሮ ምራቷን አየ። ምራቷ ቀና ብላ በዚያ ልጅ በሚመስለው ዓይኗ አየችውና አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ስታመነታ ቆየች።

«ጌታዬ፣ እኔ መዋሸት አልችልም» አለች በመጨረሻ እየተጨነቀች። «አትናገሪ ብለውኝ ነበር። ግን ሞልቶ ፈሰሰ ነው። ሽቅብ ይሂዱ፣ ማሽኑ ያለበት ጋ፤ የሚቆፍሩት እኮ አሸዋ አስመስለው ነው።»

«እውነቷን ነው?» አለ ሰውዬው ዘወር ብሎ።

«እሷማ አትዋሽም!» አለ ባለወፍጮው። «ኧረ አትዋሽም!» አለ ገበያው። ሊቀመንበሩ ራሱ «እንዲህ አፍሽን መያዝ ያቅትሽ?» ብሎ ተቆጣት። ፒካፑ አቧራውን አስነስቶ ሽቅብ ወጣ።

ሐቂቱ ፒካፑን በዓይኗ ሸኘችው። ደስታ ደረቷን ሞልቶት ትንፋሽ አጥሯት ነበር። ከመደቡ ጀርባ ጎንበስ ብላ፣ ለዚህ ቀን ብላ ይዛው የመጣችውን የድልህ ቆርቆሮ ከዘንቢሏ አወጣች። አርባ ዘመን እግሯን የቀባችበት፣ ጠርዙ የዛገ፣ ቀይ ጭቃው ውስጡ የደረቀ ቆርቆሮ ነው። በሁለት እጇ ለምራቷ ዘረጋችላት።

«እንኪ ልጄ» አለች። «ካሁን ወዲያ ያንቺ ነው።»

ምራቷ በሁለት እጇ ተቀበለች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ አመሰገነች። ከዚያ ቆርቆሮውን የምታስቀምጥበትን ቦታ ለማሳየት ያህል የመደቡን ጨርቅ ገለጥ አደረገችው። እዚያ ሥር የራሷ አለ፤ የዱቄት ወተት ጣሳ፣ ክዳን ያለው፣ ከሐቂቱ ቆርቆሮ እጥፍ የሚሆን፣ ቀይ ጭቃውም ገና እርጥብ ነው።